ኦሃዮ ላይ የጠፋው ጀርመንኛ፣ ዋሽንግተን ላይ ያለው አማርኛ

በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ዛሬ ሴንትራል ፓርክዌይ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ባለበት ቦታ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀልባ የሚመላለስበት ቦይ ነበር። ከቦዩ በስተሰሜን የሰፈሩት አብዛኞቹ ጀርመኖች ነበሩ። ቦዩን በአገራቸው ታላቅ ወንዝ ስም «ራይን» ይሉት ስለነበር ሰፈሩም ኦቨር ዘ ራይን፣ ከራይን ማዶ፣ ተባለ። ድልድዩን ተሻግሮ ወደዚያ የገባ ሰው ዳቦ የሚገዛው፣ ቢራ የሚያዘው፣ ስብከት የሚሰማው፣ ጋዜጣ የሚያነበው በጀርመንኛ ነበር። ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። ኦሃዮ በ1839 (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ ወላጆች ከጠየቁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ማስተማር ይቻል ነበር። የጀርመኖቹ የመዝሙር ማኅበራት ሥር ከመስደዳቸው የተነሳ ከተማዋ በ1878 የከፈተችው ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ የተወለደው ከእነሱው የዝማሬ ጉባኤ ነው።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ጀርመንኛ የሚገኘው በአሮጌ ሕንፃዎች ግንባር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነው። የልጅ ልጆቹ አልጠፉም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ዘራችሁ ከየት ነው ሲባሉ ጀርመን ይላሉ፤ አያታቸው ጸሎት ያደረሱበትን ቋንቋ ግን አይሰሙትም።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለጀርመኖች ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ከጠዋት እስከ ማታ እንግሊዝኛ ሳይተነፍስ ሊውል ይችላል። ታክሲ ነጂው፣ ባለሱቁ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ግብሩን የሚያሠራለት ሰው፣ ጠበቃው፣ ቄሱ፣ ሁሉም የአገሩ ሰው ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ ተሰባስቦ የሚኖርበት ቦታ ጥቂት ነው። ይህን ያየ ሰው «አማርኛ እዚህ የሚያሰጋው ነገር የለም» ቢል አይፈረድበትም። የሲንሲናቲ ጀርመንም በዘመኑ እንዲሁ ይል ነበር፤ ያውም ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበረው። ትምህርት ቤት ነበረው፣ በየቀኑ የሚወጣ ጋዜጣ ነበረው፣ ገንዘብ ነበረው፣ በከተማው ምክር ቤት ድምፅ ነበረው። ይህ ሁሉ እያለው በሁለት ትውልድ ቋንቋው ከእጁ ወጣ። እንዴት እንደወጣ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ግማሹን ታሪክ ነው።

የሚታወቀው ግማሽ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሥጋቱ ራሱ የቆየ መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1732 በፊላደልፊያ የጀርመንኛ ጋዜጣ አሳተመ፤ በቅኝ ግዛቶቹ የመጀመሪያው ነበር። ገበያ አላገኘለትምና ብዙም ሳይቆይ ተወው። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ይኸው ሰው ጀርመኖች ፔንሲልቬኒያን ሊውጧት ነው፣ እነሱ እንግሊዛዊ በመሆን ፈንታ እኛን ጀርመናዊ ሊያደርጉን ነው ብሎ ጻፈ። አሜሪካ ገና አገር ሳትሆን «መጤው አይዋሃድም» የሚለው ክስ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አይሪሹ፣ ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ ቻይናው፣ ሜክሲኮው ተራ በተራ ሰምቶታል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ክሱ ወደ ፕሮግራም ተለወጠ። በ1908 የእንግሊዙ አይሁዳዊ ጸሐፊ ኢዝራኤል ዛንግዊል «ማቅለጫው ድስት» የተባለ ተውኔቱን በዋሽንግተን መድረክ ላይ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ገብተው አይተው ወደዱት። የተውኔቱ ሐሳብ ከአውሮፓ የመጣው ሁሉ በአንድ ድስት ቀልጦ አዲስ ሰው ይሆናል የሚል ነው። ሐሳቡን ቃል በቃል የወሰደው የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ነበር። በ1914 በቀን 5 ዶላር መክፈል ሲጀምር፣ ያን ደመወዝ ለማግኘት ሠራተኛው የቤቱን ንጽሕና፣ የመጠጡን ልክ፣ የትዳሩን ሁኔታ የሚያጣሩ የኩባንያው ሰዎች እየመጡ ይጎበኙት ነበር። እንግሊዝኛ ለማይችሉት ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የምረቃው ሥነ ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ መድረኩ ላይ የመርከብ ሥዕል ይቆማል፣ ከፊቱ ግዙፍ ድስት ይቀመጣል። ተመራቂዎቹ የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው፣ ጓዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከመርከቡ እየወረዱ ድስቱ ውስጥ ይገባሉ። መምህራኖቻቸው በረጃጅም ጭልፋ ድስቱን ያማስላሉ። ከዚያ ሰዎቹ ሙሉ ልብስና ከራቫት ለብሰው፣ ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለቡ ከድስቱ ይወጣሉ። አዳራሹም ያጨበጭባል። ይህ የተደረገው በሺዎች ፊት፣ በእውነተኛ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የአንዳንዶቹን ፊት ቶሎ አይረሳም።

ሆራስ ካለን የተባለ ፈላስፋ፣ ራሱም ከጀርመን ግዛት በልጅነቱ የመጣ የረቢ ልጅ፣ በ1915 ይህን ተቃወመ። ሰው ልብሱን፣ ፖለቲካውን፣ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ይችላል፤ አያቱን ግን ሊለውጥ አይችልም፤ ዴሞክራሲ ማለትም ሁሉ እንደየራሱ ሆኖ አብሮ መኖር ነው ሲል ጻፈ። በዚያው ዓመት ግን ሩዝቬልት፣ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ፣ ኒውዮርክ ላይ ቆመው ግማሽ ይህ ግማሽ ያ የሆነ አሜሪካዊ የለም ሲሉ አወገዙ። ሰሚ ያገኘው የሳቸው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በሚያዝያ 1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስታውጅ የነገሩ መልክ በወራት ውስጥ ተገለበጠ። ሲንሲናቲ ውስጥ «ጀርመን ጎዳና» የነበረው «ኢንግሊሽ ጎዳና» ተባለ፣ «ብሬመን» የነበረው «ሪፐብሊክ» ሆነ። የአዮዋ አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በግንቦት 1918 ባወጣው አዋጅ በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር ተከለከለ። ባለቤቷን ቀብራ በቋንቋዋ ጸሎት መስማት ለምትፈልግ አሮጊት ይህ ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም። በሚያዝያ 1918 በኮሊንስቪል፣ ኢሊኖይ፣ ሮበርት ፕራገር የተባለ ጀርመን ተወላጅ ሠራተኛ ሰላይ ነው ተብሎ በባዶ እግሩ በከተማው ሲነዳ አምሽቶ በሌሊት ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ከመገደሉ በፊት ለወላጆቹ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፍ ተፈቀደለት። 11 ሰዎች ተከሰው ሁሉም በነፃ ተለቀቁ።

ጦርነቱ ቢያበቃም ሕጉ አላበቃም። በ1919 ኦሃዮም ነብራስካም ለትንንሽ ልጆች የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከሉ። በግንቦት 1920 ሃምፕተን በምትባል የነብራስካ መንደር፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መምህር ሮበርት ማየር አንድ የ10 ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ እያስነበበ ሳለ የአውራጃው ዓቃቤ ሕግ በሩን ከፍቶ ገባ። ማየር ምርጫ ነበረው፦ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ፣ ወይም የጀመረውን መቀጠል። ቀጠለ። 25 ዶላር ተቀጣ፤ አልከፍልም አለ። ክርክሩ ከግዛቱ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሰኔ 1923 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ መምህሩ ረታ። ወላጅ ልጁን ቋንቋውን የማስተማር መብት አለው፣ መንግሥትም ያለ በቂ ምክንያት ሊነጥቀው አይችልም ተባለ። የኦሃዮው ሕግ በዚያው ቀን አብሮ ወደቀ። ዛሬ በአሜሪካ በቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስቆጥር የእኛ መምህር ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የቆመው በዚህ ፍርድ ላይ ነው።

የማይታወቀው ግማሽ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ ተሻረ፤ ጀርመንኛው ግን ወደ ሲንሲናቲ አልተመለሰም። ለምን?

ጦርነቱ የገደለው አስቀድሞ የታመመውን ነበር። ጀርመኖች በብዛት የገቡት እስከ 1882 ነው፤ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ሩብ ሚሊዮን ያህል መጣ። ከዚያ በኋላ ጀርመን ራሷ በኢንዱስትሪ ስለበለጸገች ሰዉ እዚያው ሥራ አገኘ፣ ፍልሰቱም ቀዘቀዘ። በ1890ዎቹ ወደ 800 ይጠጉ የነበሩት የጀርመንኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ፣ በ1910 ወደ 550 ገደማ ወርደው ነበር። አንባቢው እያረጀ ነበር። በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ስብከት ይጠይቁ ጀምረው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ «ቋንቋው ሲሄድ ሃይማኖቱም ይሄዳል» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሃይማኖቱ አልሄደም፤ በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ ቋንቋው ግን ሄደ። የሰፈሩን ድምቀት ይዞት የቆየው እዚያ የተወለደው ልጅ ሳይሆን በየመርከቡ የሚደርሰው አዲስ ሰው ኖሯል። አዲስ ሰው ሲቀር የልጆቹ ዝምታ ተሰማ። በ1924 የወጣው፣ ከየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር የወሰነው የኮታ ሕግ ደግሞ የቀረውን በር ገርበብ አደረገው።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ስለ ዋሽንግተኑ አማርኛ ስናወራ የምናየው የማንን አማርኛ ነው? ቦሌ ተሳፍሮ ትናንት የደረሰውን ነው ወይስ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሆሊ ክሮስ ሆስፒታል የተወለደውን?

መልሱን ከማየታችን በፊት አንድ ሌላ የኦሃዮ ጀርመንኛ አለ፤ እሱ አልሞተም። ከሲንሲናቲ በመኪና ጥቂት ሰዓት ሲኬድ ሆምስ በምትባል አውራጃ አሚሾች፣ ከዘመናዊ ኑሮ ራሳቸውን የለዩ ክርስቲያኖች፣ ይኖራሉ። አባቶቻቸው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የመጡት፤ ከኦቨር ዘ ራይን ሰዎች መቶ ዓመት ያህል ቀድመው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ350 ሺህ በላይ ናቸው፣ በ20 ዓመት ገደማ ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል፣ ሕፃኖቻቸው አፋቸውን የሚፈቱትም በጀርመንኛ ዘዬያቸው ነው። ሚስጥሩ ፍቅር አይደለም፤ የሲንሲናቲም ሰው ቋንቋውን ይወድ ነበር። አሚሾች ለእያንዳንዱ ቋንቋ የማይነካ ቦታ ሰጥተውታል። ቤትና እርሻ በዘዬው፣ ጸሎቱና መዝሙሩ በጥንታዊው የመጽሐፍ ጀርመንኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ በእንግሊዝኛ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ አንዱም አይቦዝንም። ሦስቱን በየቦታው አስቀምጦ መኖር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግእዝን ለቅዳሴ፣ የእናቱን ቋንቋ ለቤት፣ አማርኛን ለጽሕፈት ቤት አድርጎ የኖረ ብዙ ሕዝብ አለን።

ግን ዋጋው ከባድ ነው። የአሚሽ ልጅ ከ8ኛ ክፍል በላይ አይማርም፤ ይህንንም በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቅዶላቸዋል። ሐኪም አይሆንም፣ መሐንዲስ አይሆንም። ልጁን ለማስተማር ሁለት ሥራ የሚሠራ የእኛ ሰው ይህን ዋጋ አይከፍልም፤ መክፈልም የለበትም። ከአሚሾች የሚወሰደው አጥሩ ሳይሆን አንዱ ነገር ነው፦ ሌላ ቋንቋ የማይገባበት ቦታ ማበጀት።

በዚህ ታሪክ ላይ መጨመር ያለበት አንድ መራራ ነገር አለ። ድስቱ ለሁሉም አልተጣደም። ታካኦ ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ በወጣትነቱ ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ በርክሌይ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመረቀ፣ ዩኒቨርሲቲም ገባ፣ ከዚያ ሆኖሉሉ ሄዶ ሠራ። ቤቱ ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነበር፣ ቤተሰቡ የሚሄደው ወደ አሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ልጆቹን ጃፓንኛ አላስተማረም። ፎርድ ሊመኘው የሚችል ዓይነት ሰው ነው። ዜግነት ጠየቀ። በኅዳር 1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባሕርይህም በትምህርትህም የሚወጣልህ ነቀፋ የለም፣ ሕጉ ግን ለነጮችና ለአፍሪካ ተወላጆች ነው፣ አንተም ነጭ አይደለህም ብሎ መለሰው። እስያዊ ሁሉ ያለ ዘር ገደብ ዜጋ መሆን የቻለው በ1952 ነው። ስለዚህ «ባህልህን ጣልና አሜሪካዊ ሁን» የሚለው ውል ከሁሉም ጋር የተፈረመ ውል አልነበረም። ኦዛዋ የራሱን ድርሻ ሁሉ ፈጸመ፤ አገሪቱ ግን የሷን ድርሻ አልፈጸመችም።

ይህ ነገር ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል፤ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሲገባ ጥቁር ሆኖ ነውና የሚገባው። መላኩ በያን ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። ኋላ ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በራስ ተፈሪ ተልኮ አሜሪካ የሄደው በ1920ዎቹ ነው፤ መጀመሪያ በዚያችው በኦሃዮ፣ ከዚያ ሕክምናን በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር አገሩ ሄዶ ቁስለኛ አከመ፤ ተመልሶ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ በሃርለምና በሌሎች ከተሞች ድሃ ጥቁር ሕዝብ ከኪሱ እያወጣ ለማያውቃት አገር አዋጣ። መላኩ በ1940 ገና በወጣትነቱ ዐረፈ። በአሜሪካ ኑሮ ውስጥ መግባት ማለት ከማን ጋር መቆም እንደሆነ ያኔ መርጦ ነበር፤ ምርጫው ኢትዮጵያዊነቱን አላሳነሰውም። ዛሬ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ከጥቁር አሜሪካዊ ጋር እንዳይታይ ሲጨነቁ ስሰማ የመላኩ ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ቢነገር እላለሁ። እኛ አሜሪካ የገባንበት በር ራሱ ከነሱ ትግል ጋር የተያያዘ ነው። በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ የዘር ሚዛን በ1965 የተሻረው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የአገሪቱን ሕሊና ባንቀሳቀሰባቸው ዓመታት ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ተማሪ፣ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳን በኩል የመጣው ስደተኛ፣ ከ1995 ወዲህ በዲቪ የመጣው ሁሉ የገባው በዚያ በር ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። በ1984 የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ሕዝቡን በአንድ ከተማ ይሰበስባል። ሎስ አንጀለስ በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብላ ሰየመች። ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አደረገች። እቁቡ፣ እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ በየሰፈሩ አለ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። አዲስ ከተጋቡት ውስጥ ስንቱ እንደሚያስብበት ባላውቅም የመጀመሪያው ነገር የሚለወጠው ሆስፒታል ውስጥ፣ የልደት ወረቀት ሲሞላ ነው። አበበ ከበደ የሚባል አባት ሴት ልጁን ሳራ ብሎ ቢሰይም አገር ቤት ሳራ አበበ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ ግን ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ የአባትየው የመጨረሻ ስም ከበደ ነው፣ ልጅቱም ሳራ ከበደ ትሆናለች። አበበ፣ ወላጅ አባቷ፣ ከስሟ ወጣ። ከእንግዲህ ወንድሟም የወንድሟ ልጅም ከበደ ነው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ቆመ። ማንም አላስገደደም፤ ስሙንም ማንም አልነጠቀም። በኒውዮርክ በነበረው የመጤዎች መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች የመጤውን ስም ይለውጡ ነበር እየተባለ የሚወራውም እውነት አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ መርከቡ ይዞት በመጣው መዝገብ ላይ ያለውን ነበር የሚያመሳክሩት። ስማቸውን የለወጡት ሰዎቹ ራሳቸው፣ በኋላ፣ ኑሮ እንዲቀል ብለው ነው። እዚህ አገር አብዛኛው ነገር የሚሄደው እንዲህ በፈቃድ፣ በጥድፊያ፣ በቅጽ መሙላት መካከል ነው። የሚያስብበት ወላጅ ግን ልጁን ሳራ አበበ ብሎ ማስመዝገብ ይችላል፤ በአብዛኛው ቦታ ሕጉ አይከለክለውም።

ከዚያ ልጅቱ እስከ ሦስትና አራት ዓመቷ አማርኛ ትናገራለች፣ በተለይ አያት ቤት ካሉ። መዋዕለ ሕፃናት ገብታ በጥቂት ወር ውስጥ በእንግሊዝኛ መመለስ ትጀምራለች። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እናትም ደክሟት ከሥራ ስለገባች ወደ እንግሊዝኛው ትሄዳለች። ታናሽ ወንድም ሲወለድ እህቱ በእንግሊዝኛ ታጫውተዋለች፤ እሱ መነሻውም አማርኛ የለውም። እንግዳ ሲመጣ «ይሰማል እንጂ አይናገርም» ይባላል። ይህን ቃል ያልሰማ የአሜሪካ ሃበሻ ያለ አይመስለኝም። በኦሮምኛም በትግርኛም የሚነገረው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ፊደል ይቆጠራል። መምህሯ ብዙ ጊዜ በፈቃደኝነት የምታገለግል፣ ሌሊት ሥራ ያደረች ሴት ናት። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ» በዜማ ይላሉ፣ እስከ «ፐ» ይደርሳሉ። ከዚያ «በቅሎ» የሚለውን ያነባሉ፤ ጮክ ብለው፣ ሳይሳሳቱ። በቅሎ ምን እንደሆነች ግን አያውቁም። መጽሐፉ የተጻፈው አማርኛ ተናግሮ ትምህርት ቤት ለሚገባ የአገር ቤት ልጅ ነው፤ እዚህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው በተቃራኒው ነው፤ አፉን የሚፈታለት። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ትርጉሙ ሳይገባ ማንበብ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ እየተጯጯሁ ወደ መኪና መሄድ። የመምህሯ ድካም የሚያስመሰግን ነው፤ ውጤቱ ግን ከሲንሲናቲ የተሻለ እንደሚሆን ማስረጃ የለኝም።

በዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ሌላ ክርክር አለ። በግእዝና በአማርኛ የሚቀደሰውን ልጆቹ አይሰሙትም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስብከትና ጸሎት የጀመሩ አጥቢያዎች አሉ። አንዳንድ አባቶች ያዝናሉ። የሉተራኖቹ ሽማግሌዎች ያሉት ሁሉ እየተደገመ ነው። በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፦ ልጁ ሃይማኖቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ አለበለዚያ ሁለቱንም ያጣል። ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን የአማርኛ ጠባቂ እንድትሆን መፍረድ ግፍ ነው፤ የሲንሲናቲ ሰዎች ያን ሸክም በቤተ ክርስቲያናቸው ላይ ጥለው ቋንቋውን ማዳን አልቻሉም።

ማርከስ ሃንሰን የተባለ የስደት ታሪክ ጸሐፊ በ1938 እንደታዘበው፣ የመጤ ልጅ ሊረሳው የሚሸሸውን የልጅ ልጅ ሊያስታውሰው ይፈልጋል። እውነት ነው፤ ሲንሲናቲ ከ1976 ጀምሮ በየመስከረሙ ኦክቶበርፌስት ታከብራለች፣ በመቶ ሺዎች ሕዝብ ይወጣል፣ ቢራና ቋሊማ ይቀርባል፣ የባህል ልብስ ይለበሳል። ግን የልጅ ልጁ ሲመጣ የሚያናግረው ሰው የለም። የእኛም ምግብ እንደሚቀር አልጠራጠርም። ጤፍ በአይዳሆ ገበሬዎች እጅ ከ40 ዓመት በላይ እየተመረተ ነው፣ እንጀራ በየሱፐርማርኬቱ ደርሷል፣ ጥምቀት በአደባባይ ይከበራል። አማርኛው አብሮ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን በዓል ሳይሆን ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሕፃኑ ያለ እሱ የማይደርስበት ነገር።

እንዲህ ያለ ነገር አለ። ካሊፎርኒያ በ2011 በሕግ የጀመረችውና ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሰጥ የሁለት ቋንቋ ማረጋገጫ አለ፤ ሁለት ቋንቋ በመናገርም በማንበብም በመጻፍም መቻሉን ያስመሰከረ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማው ላይ ማኅተሙ ያርፍለታል። ሆስፒታልና ፍርድ ቤት አማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፣ ይከፍላሉም። ለ15 ዓመት ልጅ ይህ «የአያትህ ቋንቋ ነው» ከሚለው ይልቅ ይገባዋል። ለዚያ ፈተና ግን ይሰማል እንጂ አይናገርም የሚባለው ልጅ አይቀርብም፤ ቋንቋውን ከባዶ ለሚጀምር የአሜሪካ ልጅ የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ የሠለጠነና ደመወዝ የሚከፈለው መምህር፣ በሳምንት ከሁለት ሰዓት የበለጠ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ቢያንስ በራት ሰዓት እንግሊዝኛ የማይገባበት ገበታ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ የለም እንዳይባል በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ እድሮች የሞተ ሰው አስከሬን አገር ቤት ለማድረስ የሚጠይቀውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሟላሉ። በዚያው መዋጮ ላይ በወር ከእያንዳንዱ አባል አምስት ዶላር ቢጨመር ብዙ አባል ያለው እድር ለአንድ ሙሉ ጊዜ መምህር ደመወዝ የሚሆን ማሰባሰብ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳነት ሊያዝ ይችላል።